ለአቦል ብቻ

ሐዋሳ ውስጥ የከፋው ሰው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «እስቲ ወደ ሐይቁ ወጣ በል»። እናት ትለዋለች፣ ጓደኛ ይለዋል፣ የባጃጁ ሾፌር ሳይቀር ፊቱን በመስታወት አይቶ ይለዋል። ምክሩ ስህተት የለበትም። እንዲያውም ስለ ድባቴ ከሚሰጡት የሰፈር ምክሮች ሁሉ ለሳይንሱ የቀረበው እሱ ነው። ችግሩ የተመከረው ሰው አለመውጣቱ ነው። ጣሪያ ሲያይ ይውልና ማታ ላይ «ይቺን እንኳ አቃተኝ» የሚል አዲስ ሸክም ይጨመርበታል። ሊያነሳው የመጣ ምክር የመውደቁ ማስረጃ ሆኖ ያርፋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኢንተርኔት እየተሰጡ የተፈተኑ አጫጭር የራስ አገዝ ሕክምናዎች አሉ። አንዳንዶቹን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንዴ ቁጭ ብሎ መጨረስ ይቻላል። ውስጣቸው ሲፈተሽ አብዛኛው ነገር ይኸው «ወጣ በል» ነው። የጨመሩት ምክሩ የጎደለውን ነው፦ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ፣ ከማን ጋር፣ ምን ያደናቅፈኛል፣ ሲያደናቅፈኝስ ምን አደርጋለሁ። ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚህ ጎዶሎ ክፍሎች ነው። ስልክና ዳታ ያለው በኢንተርኔት ይሥራው፣ የሌለው በደብተር ወረቀት ይሥራው፤ ክፍሎቹ አይለወጡም።

መጀመሪያ የቃሉን ነገር እናጥራ። «ድብርት» የዕለት ተዕለት ቃላችን ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ይደብራል፣ ስብሰባ ይደብራል፣ መብራት ሲጠፋ ይደብራል። ሐኪሞች «ድባቴ» የሚሉት ሌላ ነገር ነው፦ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ከቀኑ አብዛኛውን ጊዜ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚቆይ የስሜት መውደቅ፣ ወይም ደግሞ ድሮ ደስ ይል የነበረው ሁሉ ጣዕም ማጣቱ፤ ከዚህም ጋር እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ጉልበትና ትኩረት ይዛባሉ። በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው «ከፋኝ» ብሎ አይጀምርም። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴ ዝሏል፣ ልቤን ይጫነኛል ብሎ ነው ጤና ጣቢያ የሚሄደው። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት የሚመለስ አለ፤ ጨጓራውም በእርግጥ ይታመም ይሆናል፣ ግን ሥሩ ሳይነካ ይቀራል።

ራስን ለመለካት የሚያገለግለው የ9 ጥያቄዎች ቅጽ ፒኤችኪው-9 ይባላል። በአማርኛ ተተርጉሞ አገራችን ውስጥ ተፈትኗል። እያንዳንዱ ጥያቄ ያለፉትን 2 ሳምንታት ይመለከታል፤ በፍጹም ካልተሰማችሁ 0፣ የተወሰኑ ቀናት ከሆነ 1፣ ከግማሽ በላይ ቀናት ከሆነ 2፣ በየቀኑ ለማለት የሚያስደፍር ከሆነ 3 ይሞላል። ድምሩ ከ27 ነው። የተለመደው አከፋፈል ከ5 ጀምሮ ቀላል፣ ከ10 መካከለኛ፣ ከ15 መካከለኛ ሆኖ የከበደ፣ ከ20 ጀምሮ ከባድ ነው። ቁጥሩ ምርመራን አይተካም። የደም ማነስም የታይሮይድ ሕመምም ድካም ያመጣሉ፣ ቅጹ ግን ድካም ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ቢሆንም ከመጀመር በፊት አንዴ ሞልቶ ቀኑን ጽፎ ማስቀመጥ ዋጋ አለው። ድባቴ ትዝታን ያጠለሻል፤ ከወር በኋላ «ምንም አልተለወጠም» ሲል የሚያፋጥጠው የተጻፈ ቁጥር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ማስረጃው። ድርጊት ከስሜት ይቀድማል የሚለው ሐሳብ የኢንተርኔት ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው ፒተር ሌዊንሶን በ1970ዎቹ ድባቴ ሰውን ደስታና እርካታ ከሚያገኝባቸው ነገሮች እንደሚያርቀው፣ መራቁም ድባቴውን እንደሚያባብሰው አስተማረ። በ1996 ደግሞ ኒል ጄኮብሰንና ባልደረቦቹ ሐሳብን ማረምንም ድርጊትንም የያዘውን የታወቀ የንግግር ሕክምና በታትነው ፈተኑት፦ አንዱ ቡድን ሙሉውን ሕክምና፣ ሌላው የድርጊቱን ክፍል ብቻ አገኘ። ድርጊት ብቻ ያገኙት ሙሉውን ካገኙት አላነሱም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ይህ ውጤት ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ሐሳብን መርምሮ ማረም የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ ጫማን አድርጎ ከበር መውጣት ግን በወረቀት ሊመራ ይችላል።

በአንድ ጊዜ የሚያልቀውን ዓይነት በስፋት ከፈተኑት መካከል ጄሲካ ሽላይደር የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይገኙበታል። በ2022 ኔቸር ሂዩማን ቢሄቪየር በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናታቸው የድባቴ ምልክት ያላቸውን 2,452 አሜሪካውያን ታዳጊዎች ያሳተፈ ነበር፤ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 16። አንዱ ቡድን ድርጊትን ማቀድ፣ ሁለተኛው የሰው ባሕርይ ሊለወጥ የሚችል መሆኑን፣ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ስሜትን ለሰው ማካፈልን የሚመለከት ገጽ ተሰጠው። ከ3 ወር በኋላ የሁለቱ ቡድኖች ድባቴ ከሦስተኛው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን 0.18 ያህል ነው፤ ትንሽ ነው። በሰው ቋንቋ ሲመነዘር፦ ከታከመው ቡድን አንድ ሰው፣ ከማነጻጸሪያው አንድ ሰው በዕጣ ብናወጣ፣ የታከመው የተሻለ ሆኖ የሚገኘው ከ100 ጊዜ 55ቱን ያህል ነው። ምንም ባይሠራ ኖሮ 50 ይሆን ነበር።

ይህን ቁጥር ማጋነንም ማናናቅም ስህተት ይመስለኛል። ለ5 ሳምንት ከሐኪም ጋር የሚደረግ ንግግር አይደለም፤ ማንም ሰው ሳይኖር፣ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ፣ ከ3 ወር በኋላም የሚታይ ለውጥ ነው። ደግሞ የተፈተነው በአሜሪካ ታዳጊዎች ላይ እንጂ በሐዋሳ ባለትዳሮች ላይ አልነበረም። ስለዚህ «ተረጋግጧል» ብሎ መሸጥ አይገባም፤ መሞከሩ ግን ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል።

ረጅሞቹስ? እዚህ ላይ አንድ አስተማሪ ውድቀት አለ። በ2015 እንግሊዝ ውስጥ 691 የድባቴ ሕሙማንን ያሳተፈ ጥናት፣ ከተለመደው ሕክምና ላይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቢጨመር ይሻላቸው እንደሆነ ፈተነ። የተጨመረ ጥቅም አልታየም። አንደኛው ፕሮግራም 8 ክፍሎች ነበሩት፤ ከተሰጣቸው ሰዎች ግማሾቹ ከ2ኛው ክፍል አላለፉም። ድባቴ ጉልበትና ትኩረትን የሚሰርቅ ሕመም ሆኖ ሳለ፣ መድኃኒቱ ስምንት ሳምንት ጉልበትና ትኩረት ይጠይቅ ነበር። አጭሩን ዓይነት የሠሩ ሰዎች የያዙት ትምህርት ይህ ነው፦ አብዛኛው ሰው አንዴ መጥቶ የሚቀር ከሆነ፣ ያ አንዴ ሙሉ ይሁንለት። በመካከል ያለ ሦስተኛ መንገድም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና ሊባኖስ ውስጥ የተፈተነው «ደረጃ በደረጃ» የተባለው ፕሮግራም 5 ክፍሎች አሉት፣ ግን የሠለጠነ ረዳት በሳምንት 15 ደቂቃ ያህል ይደውላል ወይም መልእክት ይልካል። ያ ደዋይ ብዙ ያግዛል። በተለይ ድባቴው መካከለኛና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሰው ያለበት ብቻውን ከተተወው ይሻላል።

ወደ ሥራው እንግባ። 30 ደቂቃ፣ አንድ ወረቀት፣ እስክሪብቶ።

የመጀመሪያው ሥራ ዙሩን መሳል ነው፤ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ባለፈው ሳምንት ከቀረችሁበት አንድ ነገር ተነሡ። እንበል ጎረቤት ለቡና ጠርታ ነበር። «ተኝቻለሁ በሏት» ብላችሁ ቀራችሁ። በዚያች ደቂቃ ምን ተሰማችሁ? እፎይታ። ከሁለት ሰዓት በኋላስ? ብቸኝነት፣ ኀፍረት፣ «ሰው ጠላሁ» የሚል ሐሳብ። በማግሥቱ ደግሞ ጎረቤቲቱን ላለማግኘት በጓሮ በኩል መውጣት። ሦስቱን ነገሮች በቀስት አያይዙ፦ የሆነው፣ ያደረግሁት፣ በኋላ የተሰማኝ። ድባቴን አስቸጋሪ የሚያደርገው ይህ አጭር እፎይታ ነው። መቅረት ወዲያውኑ ይከፍላል፣ ዕዳው ዘግይቶ ይመጣል። ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የሚቀረው፤ መቅረት ሁልጊዜ ለአምስት ደቂቃ ስለሚሠራ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ነው። እዚህ ላይ ብዙ የራስ አገዝ ገጾች «የሚያስደስትህን ነገር ጻፍ» ብለው ይጀምራሉ። ከዚህ የባሰ ጥያቄ ለድባቴ ሰው ያለ አይመስለኝም። ደስታ መጥፋቱ ሕመሙ ራሱ ነው፤ መልሱ ባዶ ወረቀት ይሆናል፣ ባዶው ወረቀትም ሌላ ሐዘን። የሚሠራው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ነገር ሳይመጣ በፊት ሳምንቴ ምን ይመስል ነበር? ብጠፋ ማን ይፈልገኛል? ጥሩ ሰው ነበርኩ የምለው ምን ሳደርግ ነው? መልሱን ከሦስት ቦታ ፈልጉ፦ ከቤተሰብ፣ ከወዳጅና ጎረቤት፣ ከራስ ሥራ፣ ትምህርት ወይም እምነት። ከየቦታው አንድ፤ በድምሩ ሦስት ድርጊት። አራተኛ አትጨምሩ።

ሦስተኛው መቁረጥ ነው፤ ሁሉም ነገር የሚድነውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። ሰው ሲያቅድ የሚያቅደው ለጤነኛው ራሱ ነው። «ከነገ ጀምሬ በየጠዋቱ ታቦር ተራራ እወጣለሁ» ይላል፤ ሦስት ወር ከሰፈሩ ያልወጣ ሰው። አንድ ቀን ይወጣል ወይም አይወጣም፣ በሦስተኛው ቀን እቅዱ ሞቶ ይገኛል። መለኪያው ቀላል ነው፦ በመጥፎ ቀኔ፣ እንቅልፍ ባጣሁበት ማግሥት፣ ይህን የማደርገው መሆኔን ከ10 ስንት እርግጠኛ ነኝ? መልሱ ከ7 በታች ከሆነ ድርጊቱን ለሁለት ቁረጡት። እንደገና ጠይቁ። አሁንም ካነሰ እንደገና ቁረጡ። ታቦር ተራራ ወደ ፍቅር ሐይቅ፣ ፍቅር ሐይቅ እስከ አስፋልቱ፣ አስፋልቱ ደጅ ወጥቶ 10 ደቂቃ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ይሆናል። የሚያሳፍር ትንሽ ቢመስል ልክ ደርሳችኋል ማለት ነው።

የቡናችን ሥርዓት ለዚህ የተሠራ መሰላል አለው፤ ሦስት ደረጃ፣ እያንዳንዱም ስም ያለው። ድባቴ ያለበትን ሰው ቡና የሚያስፈራው ማለቂያው አለመታወቁ ነው፦ ቆሎው፣ ጭሱ፣ ወሬው፣ «ምነው ከሳህ» የሚለው ጥያቄ፣ እስከ በረካ ድረስ ታስሮ መቀመጥ። እቅዱ «ቡና እሄዳለሁ» ከሆነ ይወድቃል። «ለአቦል ብቻ እሄዳለሁ» ከሆነ ግን መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ቶና ሳይቀዳ መነሣት በባህላችን ቅር ያሰኛል፤ ስለዚህ መሰናበቻው ሲነሡ ሳይሆን ሲገቡ ይነገራል፦ «እትዬ፣ ዛሬ ለአቦል ብቻ ነው የመጣሁት፣ ቶናውን አልደርስበትም»። በር ላይ የተነገረ መሰናበቻ ማንንም አያስቀይምም። በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ቶና፣ ከዚያ እስከ በረካ። ይህን መሰላል ውጭ አገር የተሠራ ገጽ አይነግራችሁም፣ ግን ሐሳቡ ፍጹም አንድ ነው።

አራተኛው መንጠቆ ማበጀት ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1999 ባሳተመው ሥራው፣ «ይህን አደርጋለሁ» ከሚል ሐሳብ ይልቅ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» የሚለው እጅግ እንደሚፈጸም አሳይቷል። ስለዚህ «ጠዋት» ተብሎ አይጻፍም። «ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ቁርስ በልቼ ሳህኑን ሳስቀምጥ፣ በዚያው ጫማዬን አደርጋለሁ» ተብሎ ይጻፋል። መንጠቆው ቀድሞ በየቀኑ የሚሆን ነገር መሆን አለበት፦ ሳህን፣ ከፈረቃ መውጫ፣ የቤተክርስቲያን ደወል፣ አዛን። «ደስ ሲለኝ» መንጠቆ አይደለም። እሱን የጠበቀ እስካሁን እየጠበቀ ነው። ሰዓቱን ስትመርጡ ደግሞ የአየሩንም ጠባይ አስቡ፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ዳር ያቀደ ሰው ከዝናቡ ጋር ተማክሮ ይቀራል። ብዙ የድባቴ ሰው ጠዋት ጠዋት ስለሚብስበት፣ ጠዋት የሚከብደው ሰው የመጀመሪያውን ድርጊት ረፋድ ላይ ቢያደርግ ችግር የለውም።

አምስተኛው መሰናክል ነው። ለእያንዳንዱ ድርጊት ሁለት መሰናክል ይጻፋል፤ አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ። ሰው የውጩን ብቻ ይጽፋል፦ ዝናብ፣ ብር፣ ባጃጅ። የሚጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የውስጡ ነው። አንዲት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ እናስብ፦ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች፣ ገጠር ያለችው እናቷ ስትደውል አታነሣም። የመረጠችው ድርጊት «ለእማዬ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ለ3 ደቂቃ መደወል» ነው። የውጭ መሰናክሉ ኔትወርክና ሒሳብ ነው፤ ቅዳሜ ካርድ በመሙላት ይፈታል። የውስጡ ግን «ብር መቼ ትልኪያለሽ ብትለኝስ» ነው፤ ስልክ ያስጠላት ይኸው ነው። መልሱን አሁን፣ ሳትደውል፣ ቃል በቃል ትጽፈዋለች፦ «እማዬ፣ የደወልኩት ድምፅሽን ልሰማ ነው፤ የብሩን ነገር ደመወዝ ሲገባ እነግርሻለሁ»። ከዚያ ወረቀቱን ይዛ ትደውላለች። ማንበቧ ነውር የለውም። በጭንቅ ሰዓት ቃል አይመጣም፣ የተጻፈ ግን አለ።

እዚህ ላይ ስለ ጫት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ምርቃና ላይ የተጻፈ እቅድ እቅድ አይደለም። በዚያ ሰዓት ንግድ ይከፈታል፣ ማስተርስ ይጀመራል፣ የተጣላ ሁሉ ይታረቃል። ማግሥቱ ሐራራው ሲመጣ ያ ሁሉ ዕቅድ ተገልብጦ ክስ ይሆናል። ድባቴ ያለበት ሰው ሲቅም ከፍታው ከፍ፣ ውድቀቱ ደግሞ ጥልቅ ይሆንበታል፤ ለጨብሲ የሚጠጣው አልኮል እንቅልፉን ይሰብረዋል። ወረቀቱን ከመቃም በፊት፣ በደረቁ አእምሮ ጻፉት።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ደብዳቤ ነው፦ የእናንተው ዓይነት ነገር ለደረሰበት፣ በስም ለማታውቁት ሰው ከ5 እስከ 8 መስመር። ምን እንደተማራችሁ፣ ምን ቢሞክር እንደምትመክሩት። ትርፍ ጌጥ ይመስላል፣ አይደለም። ሰው ለራሱ የማይምረውን ለሌላው ይምራል፤ «ሰነፍ ነህ» ብሎ ለማያውቀው ሰው አይጽፍም። ጽፎ ሲጨርስ ደግሞ የጻፈውን በከፊል ራሱ ያምነዋል። ቡራኬና ምክር በማይጠፋበት አገር ይህ ክፍል ለእኛ ሰው የሚከብድ አይመስለኝም፤ አደጋው ስብከት መሆኑ ነው። «በርታ፣ ሁሉም ያልፋል» ብቻ ከሆነ ቀድዳችሁ ጣሉት፤ ከሦስቱ ድርጊቶች አንዱ በስሙ መኖር አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ድርጊት በፊትና በኋላ ስሜታችሁን ከ0 እስከ 10 ጻፉ። ከ2 ወደ 3 ቢወጣ ውጤት ነው። ባይንቀሳቀስም ድርጊቱ ተደርጓል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ጊዜያት ብዙውን ጊዜ ጣዕም አይኖራቸውም። ጣዕም ዘግይቶ የሚደርስ እንግዳ ነው። አንድ ቀን ብትዘሉ በማግሥቱ እጥፍ አታድርጉ፤ ያንኑ ትንሹን ድገሙ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከተዘለለ ጥፋቱ የእናንተ ሳይሆን የድርጊቱ መጠን ነው፤ ወደ መቁረጡ ተመለሱ።

ስለ ስልኩ ጥቂት። በአማርኛ በሥርዓት የተፈተነ ገጽ እንደ ልብ አይገኝም፤ በእንግሊዝኛ ያለው ግን በነጻ ይገኛል። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው ወዳጁ አንዴ አንብቦለት በአማርኛ ወረቀት ላይ ቢሠራው ይቻላል። አማርኛ የሚያዘጋጅ ካለ ደግሞ ቪዲዮ አያድርገው። የ30 ደቂቃ ድምፅ በመጠነኛ ጥራት 14 ሜጋባይት ያህል ነው፣ ጽሑፉ ከ1 ሜጋባይት አይበልጥም፤ ቪዲዮው ግን የብዙውን ሰው የቀን ጥቅል ይውጣል። ሌላው ምስጢር ነው። አንድ ስልክ ወንድምም እህትም ይከፍተዋል። እናቱን የሚወቅስ ማስታወሻ ስልኩ ላይ የጻፈ ሰው ማታ ጥያቄ ሊጠብቀው ይችላል። ቁልፍ የሌለው ስልክ ላይ ዙሩን አትጻፉ፤ ሦስቱን ድርጊቶች ብቻ ጻፉ። «እሑድ 8 ሰዓት እማዬ ጋ ደውል» የሚለው ለማንም ምንም አይነግርም።

ቴሌግራም ላይ ድባቴን በ7 ቀን ነቅለን እንጥላለን የሚሉም አሉ። መለያቸው ይታወቃል፦ የመጀመሪያው ቀን ነጻ፣ ሁለተኛው ቀን በባንክ ዝውውር። ሐቀኛው ሕክምና ማንን እንደማይረዳ ይናገራል።

እኔም እሱን ልናገር። የ9ኙ ጥያቄዎች ድምር 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሰውየው መሥራት፣ መብላት፣ ልጅ መንከባከብ ካቃተው፣ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪም ይዩት። ጥቂት ቀናት ሳይተኙ ጉልበት የሚትረፈረፍበት፣ ንግግር የሚፈጥንበት፣ ብር የሚበተንበት ጊዜ ቀድሞ ከነበረ ሕመሙ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ይለያል። ድምፅ የሚሰማ ካለ እንዲሁ። አራስ እናት ደግሞ «ድካም ነው» ተብላ አትታለፍ፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ እናትንም ሕፃኑንም ይጎዳል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳትና ስለሞት ያለ ሐሳብ ነው። እዚያ ላይ ከ0 ሌላ ቁጥር ከተጻፈ ድምሩ 6 ቢሆንም ሥራው ይቆማል፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይነገራል። ሐሳቡ እቅድ ከያዘ ሰውየው ለደቂቃም ብቻውን አይተውም፤ ቤት ያለ የተባይ መርዝና የመድኃኒት ክምችት ከእጁ ይራቅ፣ በቀጥታም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «ስለ መሞት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማው እፎይታ ነው።

መድኃኒት የጀመረ ሰው በዚህ ወረቀት ምክንያት አያቁም። የድባቴ መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ የጎንዮሽ ስሜቱ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚመጣ ብዙ ሰው ክፉውን ቀምሶ ደጉ ሳይደርስ ይተወዋል። የሚቆመውም ሲሻል ወዲያው ሳይሆን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ቀስ በቀስ ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ማለዳ ተነሥቶ፣ ከሰው ጋር ተሰልፎ፣ መንገድ ሄዶ ጸበል መጠመቅ በራሱ ከላይ የተባሉትን የድርጊት ክፍሎች ብዙዎቹን ይዟል። ያንን የሚያፈርሰው «ክኒኑን ጣል» የሚል ሰው ብቻ ነው።

በ2ኛው ሳምንት መጨረሻ ቅጹን እንደገና ሙሉት፤ የመጀመሪያውን ሳታዩ። 5 ነጥብና ከዚያ በላይ መውረድ ትርጉም ያለው ለውጥ ተብሎ ይወሰዳል። ከወረደ ከሦስቱ ድርጊቶች አንዱን ብቻ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ፤ ሦስቱንም አይደለም። ካልወረደ ወረቀቱን ከነቁጥሩ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ «ደከመኝ» ከማለት ይልቅ «ሁለት ሳምንት ይህን ሞክሬ ከ13 ወደ 12 ነው የወረደው» ማለት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ወደ ጎረቤት ቡና ስትመለሱ ደግሞ እስከ ቶና እንደምትቆዩ በር ላይ ንገሩ፣ ስኒያችሁን ራሳችሁ አቀብሉ፤ እጅ ሥራ ሲይዝ «ምነው ከሳህ» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ይቀላል።